ዙልፋን ያልላክሁበት ምክንያት

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለሂዳያ፤ ካለሽበት ኩዌት።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነሽ እቴ? ወገብሽ እንዴት ሆነልሽ? ያ ሲያምሽ የነበረው ክንድሽስ ከምንጣፍ አጠባው ዐረፈ ወይ? ማዳምሽ ዓርብ ዓርብ ታስወጣሽ ጀመር ወይስ ዓርብ የሚባል ቀን አሁንም ቤታቸው አልደረሰም? ሙቀቱስ? አንቺ እዚያ ትቀቀያለሽ፣ እኛ እዚህ በኅዳር ውርጭ ጥርሳችን ይንገጫገጫል፤ አላህ አንድ ቀን መካከሉ ላይ ያገናኘን። ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን ብዬ ልጀምር ብዕር ሳነሣ እማ ከጎኔ ሆና «ደህና ነን በልና ዝም በል» አለችኝ። ደህና ነን። ዝም ግን አልልም።

ባለፈው በሱቁ ስልክ ደውለሽ «አምቦ ደህና አይደለም ይላሉ፤ ልጄን ቶሎ ወራቤ ወደ አክስቷ ላኩልኝ» ስትዪኝ «እሺ» ብዬ ዘግቻለሁ። በስልክ እሺ ማለት ምን ይከብዳል? እነሆ ዙልፋ ዛሬም አምቦ ናት፤ አልላክኋትም። ምክንያቱ በስልክ የሚነገር አልሆነም፤ ስልኩ ከእኛ ሌላ ሰሚ አለው ይባላል። ኢሞውም ከነኢንተርኔቱ ከተዘጋ ሰንብቷል። ስለዚህ ለእረፍት መጥታ በምትመለሰው በለንሳ እጅ ይህን ልኬልሻለሁ። መሳደብ መብትሽ ነው፤ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብበሽ ስደቢኝ።

እንደምታውቂው የምሠራው በወጣቶች ንባብ ቤት ነው። አራት ነን፦ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው ኃላፊያችን ኦቦ ቀነዓ፣ ኮምፒውተሩን የያዘችው ሃዋኒ፣ ጥበቃው ኤጄታና እኔ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀ ሰሞን ከበላይ አካል አንድ መመሪያ ወረደልን። የንባብ ቤቱ ባለሙያዎች የሚወዱትን ድረ ገጽ፣ የሚወዱትን መጽሐፍና የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያቸውን ለታዳጊ ወጣቶች ያካፍሉ ይላል። መመሪያው ሲወርድ ኢንተርኔቱ ሄደ። የሞባይሉ ተዘጋ፤ የንባብ ቤቱ መስመርማ ድሮ ሞቷል፣ ቀባሪ አጥቶ ነው እንጂ። ኦቦ ቀነዓ ወረቀቱን ደጋግመው አነበቡና «ኢንተርኔት በሌለበት ድረ ገጽ እንዴት እንደሚካፈል የሚል አንቀጽ አለው?» ብለው ጠየቁ። የለውም። «እንግዲያው በእጃችን ያለውን እናካፍላ» አሉ።

ሃዋኒ የምትወደው ድረ ገጽ የከዋክብት ፎቶ የሚያሳይ ነው። ያለፈባቸውን የግድግዳ ካላንደሮች ሰብስባ ጀርባቸው ላይ ድረ ገጹን ከነምኑ በቀለም ሣለችው። አንድ ልጅ ተነሥቶ «ጁፒተር» የሚለውን በእንጨት ሲነካ ኤጄታ ካላንደሩን ይገልጣል፤ ጁፒተር ይመጣል። ኤጄታ መቼም ችኮላ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ልጆቹ «ኔትወርክ የለም! ኔትወርክ የለም!» እያሉ ይጮሁበታል፤ እሱም ፊቱን ሳይፈታ «በመጫን ላይ ነው፣ ታገሡ» ይላቸዋል። እቴ፣ በዚያ ሳምንት በመላው ምዕራብ ሸዋ የሚከፈት ድረ ገጽ ያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ኦቦ ቀነዓ የሚወዱት መጽሐፍ ሽፋኑ የረገፈ የንብ እርባታ መመሪያ ነው። አንዲት ልጅ «ስንት ቀፎ አለዎት?» ብትላቸው «አንድም የለኝ፤ እኔ በንባብ ነው የማረባቸው፣ አይናደፉም» አሏት። ኤጄታ ደግሞ ተራው ሲደርስ «መጀመሪያ ትርፍ ጊዜ ምን እንደሆነ አስረዱኝ» አለ። አስረዳነው። «እንዲህ ከሆነ የኔ ጊዜ በሙሉ ትርፍ ነው» ብሎ፣ ከባኮ በቆሎ ጭኖ የሚመጣ አይሱዙና ባዶውን የሚመለስ አይሱዙ ጡሩምባቸው እንዴት እንደሚለያይ በአፉ ነፋላቸው። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። «ባዶው ለምን ይበልጥ ይጮሃል?» ቢሉት «ባዶ መች ዝም ይላል፤ ስብሰባ ገብታችሁ አታውቁም?» አላቸው። እኔ ማሳለፊያዬ እግር ኳስ ነው ብዬ ዋሸሁ፤ ሐሜት ነው ማለት በልጆች ፊት ነውር መስሎኝ።

ልጅሽን ትተሻት የሄድሽው ጉልበቴ ድረስ ሆና ነበር፤ አሁን ከእኔ ትረዝማለች። እንደሷ የሚጽፍ በትምህርት ቤቷ የለም፤ ቁም ጽሕፈቷ የታተመ ነው የሚመስለው። የልጆቹን ምርጫ የምንለጥፍበትን ግድግዳ ርዕሱን እሷ ትጻፍልን አልናት። «ስለ ድረ ገጽ ነው አይደል? ድር ካለማ ተረቱ አለ» ብላ በትልልቁ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብላ ጻፈች። ከ«ድ»ዋ ጫፍ ሸረሪት አንጠለጠለች፤ ከሥር በክር የተተበተበ አንበሳ ሣለች። አንበሳው ይሥቃል። ሐቁን ለመናገር ድመት ነው የሚመስለው። በቃ፣ ይኸው ነው ወንጀሉ፤ ፊደል የቆጠረ ሁሉ በልጅነቱ ያጠናው ተረት።

በሁለተኛው ቀን ከኋላ ወንበር ላይ ጃኬቱን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው ተቀምጧል። አንባቢ አገኘን ብለን ደስ ብሎን ነበር። ተነሥቶ ወደ ግድግዳው ቀረበና «አንበሳው ማነው?» ሲል ጠየቀ። ልጆቹ እንቆቅልሽ መሰላቸው። ማን ይፈርድባቸዋል፣ ሲጫወቱ የዋሉ ናቸው። «ምን አውቅልህ!» አሉት ባንድ አፍ። መልሱን ያላወቀ ሰው አገር ይሰጣል መቼም፣ ወጉ ነው፤ ከመካከላቸው አንዱ «አምቦን ሰጥተንሃል!» ብሎ ጮኸ። የቀሩትም ተቀበሉት። «አምቦን ሰጥተንሃል! አምቦን ሰጥተንሃል!» ስንት ልጅ የሞተላትን ከተማ ለእንቆቅልሽ ሰጧት። ሰውየው አላመሰገነም፤ ቀድሞም በእጁ ነበረች።

«ማን ነው የጻፈው?» አለ። ያኔ ሳቁ ተቆረጠ።

ዙልፋ ልትነሣ ወንበሯን ወደኋላ ስትገፋ ሰማሁ። ከኋላዋ ቆመው የነበሩት ኦቦ ቀነዓ ትከሻዋን ጫን አድርገው «እኔ ነኝ» አሉ። «ሥዕሉንም?» አላቸው። «ሥዕሉንም» አሉ። «ይሄ ድመት ነው እኮ» ቢላቸው «ታዲያ ሠዓሊ ነኝ ማን አለህ?» አሉት። ጠመኔ ሰጣቸውና ሰሌዳው ላይ እንዲጽፉት አዘዘ። ጻፉ፤ ዶሮ የጫረው መሰለ። ሰውየው ሰሌዳውን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ «አይመሳሰልም» አለ። ኦቦ ቀነዓ የጠመኔውን ዱቄት ከጣታቸው እያራገፉ «አሁን ፈርቼ ነዋ ልጄ። ያን ስጽፍ አልፈራሁም ነበር» አሉት።

ሰውየው ነገሩ ገብቶታል፤ ዓይኑ ላይ አይቼዋለሁ። ግን ለሥራው አንድ ሰው ይበቃው ነበርና አንድ ሰው ይዞ ሄደ። ደጅ ይጠብቁት የነበሩት ባልደረቦቹ ገብተው አንበሳውን ከግድግዳው ገነጠሉት። የሃዋኒን ካላንደሮችም ጠቅልለው ወሰዱ፤ በወረቀት ላይ የቀረችው ኢንተርኔትም በዚሁ ተዘጋች። አንተስ ምን አደረግህ ብትዪኝ ወንበሮቹን አስተካከልሁ። በማግስቱም «ፕሮግራሙ በታቀደው መሠረት በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» የሚል ሪፖርት ጻፍሁ፤ ኃላፊው ስለሌሉ ራሴው ፈረምሁበት።

ዙልፋ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል በአፌ አይዞርም አለች። «ሄጄ እኔ ነኝ እላቸዋለሁ» ትላለች፣ ሌላ ነገር የላትም። እማ ጫማዋን ደበቀችባት፤ በእማ ነጠላ ጫማ ልትወጣ ስትል በር ላይ ያዝናት። እንዲህ ስንታገል የኦቦ ቀነዓ ሚስት አዴ ፋንቱ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። ልጅ የላቸውም፤ ሁለቱ ብቻ ናቸው። እማ ደጁ ላይ ስታያቸው ማልቀስ ጀመረች፤ ሊረግሙን የመጡ ነበር የመሰለን።

ተቀመጡ ብንላቸው አልተቀመጡም። «ልጅቷ የታለች?» አሉ። ዙልፋ ከጓዳ ወጣች። «ሄጄ እናገራለሁ የምትዪው አንቺ ነሽ? ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ስሚኝ። ያ ሰውዬ ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር ዋሽቶ አያውቅም። ወጥ ሲያርርብኝ እንኳ ጣፈጠኝ ብሎ አያባብለኝም። በዕድሜው አንድ ቀን ቢዋሽ እሷኑ ልታበላሺበት ነው?» አሏት። ዙልፋ «በኔ ምክንያት እኮ ነው» ብላ አነባች። «ብትሄጂ እሱን ፈትተው አንቺን የሚይዙ መሰለሽ? እነሱ መጨመር እንጂ መለወጥ አያውቁም። ይልቅስ ጉልበቴ እምቢ ብሎኛል፤ ስንቅ የሚያደርስልኝ ሰው የለኝም» አሏትና የያዙትን ሣህን በእጇ አስቀመጡላት።

ኦቦ ቀነዓ የተያዙበት ቦታ ከከተማው ወጣ ይላል። ስንቅ የሚቀበሉት ከቤተሰብ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ቀን አብሬያት ሄጄ ነበር። በሩ ላይ ያለው ወጣት «ምኑ ነሽ?» አላት። «ልጁ ነኝ» አለች፣ እንደ ውሃ። «ስም?» «ዙልፋ ቀነዓ።» ቀና ብሎ ሒጃቧን አየና «የቀነዓ ልጅ ደግሞ ዙልፋ ትባላለች እንዴ?» አላት። «ስሙን ያወጣችልኝ እናቴ ናት» አለችው። አየሽ፣ እዚህ ላይ አልዋሸችም። አባቷ አብራር፣ አላህ ይዘንለትና፣ ልጁ በሌላ ሰው ስም ስትጠራ ቢሰማ የሚቀየም አይመስለኝም። አንቺም አትቀየሚ።

ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በዚያው ትሄዳለች። ሣህኑ ባዶውን ሲመለስላት እሷም ማታ ትበላለች። በዚህ ዓይነት ሰንብተን ነበር። ባለፈው ሐሙስ ሣህኑ እንደሞላ ተመለሰ። ኦቦ ቀነዓ የሚውጡት የስኳር እንክብልም ከነወረቀቱ ተመለሰ። «ተዛውረዋል» አሏት። ወዴት ብትል ለሥልጠና፣ የት ብትል «ሲታወቅ ለቤተሰብ ይነገራል።» ጡረታቸው ደጃቸው የደረሰ ሰው ምን ሊሠለጥኑ እንደሆነ እንጃ። አንበሳ አሣሣል ከሆነ ያስፈልጋቸዋል። ያለ መድኃኒት ስንት ቀን እንደሚችሉ የጠየቅሁት ጤና ረዳት ግን አልሣቀልኝም፤ አንገቱን ነው የደፋው።

ለቤተሰብ ይነገራል አሉ፤ ገባሽ እቴ? አዴ ፋንቱ ያን በር ዐይተውት አያውቁም። በዚያ በር ኦቦ ቀነዓ ያላቸው ቤተሰብ የአንቺ ልጅ ብቻ ናት። እሷ ወራቤ ከሄደች የሳቸው ስም የተጠራ ቀን አቤት የሚል ሰው የለም። ልብሷን በሻንጣ አድርጌ የወራቤ ጉዞዋን ጨርሼ ነበር። አንድ በአንድ አውጥታ መልሳ ሰቀለችው። «እኔ በአንቺ ፈንታ እየሄድሁ እጠይቃለሁ» ብላት «አንተ ምኑ ነህ ይሉሃል፤ ምን ትላቸዋለህ?» አለችኝ። ባዶውን ሻንጣ አንሥቼ አልጋ ሥር መለስሁት።

አደጋ የለውም ብዬ አልደልልሽም። አንድ ቀን መታወቂያ አሳዪ ቢሏት የአብራር ልጅ መሆኗ ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ጽሕፈቷንም ሊያዩ ነው። ይህን እያወቅሁ ነው ያልላክኋት። አሁን አንቺም አወቅሽ። እናቷ ነሽና ሂጂ ካልሻት ትሄዳለች፣ አንቺን እምቢ አትልም። ግን ደውለሽ በራስሽ አንደበት ንገሪያት፤ እኔ ያን በር እያሰብሁ ሂጂ የምልበት አፍ የለኝም።

እማ በሁለት ጉንጭሽ ስማሻለች፤ ይህን ሁሉ መጻፌን ብታውቅ እኔን በጥፊ ትለኛለች። ባለሱቁ ፈዲሉ ሰላም ብሎሻል፤ ሱቁ ይከፈታል፣ የሚገዛ ግን ጥቂት ነው። ሃዋኒ ሥራውን ለቅቃ አዲስ ዓለም ወላጆቿ ዘንድ ገብታለች፤ ስትሸኝ ሰላም በልልኝ ብላለች። ኤጄታም ሰላም ብሎሻል፤ እሱ እንኳ ጡሩምባውን ትቷል። አዴ ፋንቱ «የልጅቷን እናት አላህሽ ይጠብቅሽ በልልኝ» ብለዋል። ከአንቺ ጋር ላለችው ለአጎታችን ልጅ ለሽፋ ሰላምታዬ ይድረሳት። ለማዳምሽ እንደ ጠባይዋ መጠን።

ዙልፋ አጠገቤ ተቀምጣለች። ለእናትሽ ሁለት መስመር ጨምሪበት ብዬ ብዕሩን ብሰጣት አልተቀበለችኝም። «አንተው ጻፍልኝ፤ የኔ ጽሕፈት ሰው ያሳስራል» አለችኝ። ሰላም ብላሻለች።

ወንድምሽ ነቢል
አምቦ፤ ኅዳር 20 ቀን 2009 ዓ.ም.