የጨመርካት አንዲት ካሬ

ይድረስ ለአባዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። ጅግጅጋ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ አፈር አልብሰንህ በድንበሯ ከተማ በቶጎ ውጫሌ በኩል ወደ ሀርጌሳ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ጫማህን ጭኔ ላይ ይዤ ነበር። ለምን እንደያዝኩት እስከ ዛሬ አላውቅም። ያንን ቀለም የጠገበ ጫማ ማንም እንዲጥለው አልፈለግኩም መሰለኝ።

ሼክ ኑር ሰፈር ያለችው ቤታችን እንዳለች ናት። አንተም እኔም ኤዶ፣ አክስቴ፣ እያልን የምንጠራት አከራያችን ፎውዚያ ጠዋት ጠዋት በሬን ቆርቁራ በልቼ እንደሆነ ትጠይቀኛለች። በስደት ጅግጅጋ ሳለች በለመደችው አማርኛ ነው የምታወራኝ። አንተን ስታነሳ ግን ሳታስበው ወደ ሶማልኛ ትሻገራለች፤ ለቅሶ በሰው ቋንቋ አይሆንላትም።

ብሩሾችህን እኔ ይዣቸዋለሁ። ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ያለው ጎማ ነጋዴ፣ የሱቁ ግድግዳ ላይ የሳልክለት ሥዕል ስለለቀቀበት እንደ አዲስ ሳልኩለት። ብታየው ትስቅብኝ ነበር፤ አንዱ ጎማ ዕንቁላል መስሏል። ሰውየው ግን ከአባቷ አትተናነስም ብሎ ለመንገደኛው ሁሉ አወራልኝ። ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ አለቀስኩ።

ያ ፀጉር አስተካካይ ትዝ ይልሃል? ሱቁ ላይ የጎረምሳ ፊት እንድትስልለት ለምኖህ፣ አንተ መቀስ፣ ማበጠሪያ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ፊት የሌለው ጎፈሬ ስለህለት ሄድክ። ሰውየው ሳምንት ሙሉ ተኮሳተረ። ግመል፣ የወተት ጀሪካን፣ ሻምፑ፣ ስልክ፣ ያልሳልከው አልነበረም። የሰው ፊት ግን እንቢ። ጎረቤቶቻችን ሃይማኖታቸውን አክብረህ መስሏቸው ማሻአላህ እያሉ ሲያመሰግኑህ አንገትህን ደፍተህ ታልፋለህ። እኔም ትሕትና መስሎኝ ኮራሁብህ።

ለሙት ዓመትህ የእድራችን ሰዎች ትልቅ ባነር እናሠራ አሉ። የመታወቂያህን ጉርድ ፎቶ አስፋፍተው በር የሚያህል አደረጉት። ከሥሩ የሚጻፈውን እኔን ጠየቁኝ። እኔም ሳላመነታ፣ በዘመኑ ሁሉ ማንንም ያልበደለ ሰው ብላችሁ ጻፉ አልኳቸው። ናሙናውን በስልኬ ለኤዶ አሳየኋት። ጽሑፉን እንዳነብላት ጠየቀችኝ፣ አነበብኩላት። ከዚያ አጠገቧ አስቀምጣኝ፣ እኔ ከሞትኩ በኋላ ንገሪያት ብለህ አደራ ያልካትን ነገረችኝ። በቁምህ ልትነግረኝ ስንት ጊዜ ጀምረህ እንደተውከው ጭምር።

ሃያ ዓመትህ ነበር አለችኝ። የቀበሌው ሠዓሊ አንተ ነበርክ። ለአብዮት በዓል መሪውንና ሁለት መኮንኖችን ጎን ለጎን በትልቅ ሸራ ላይ እንድትስል ታዘዝክ። ጠመኔ የተቀባ ክር ወጥረህ እየለቀቅክ ሸራውን በካሬ ከፋፈልከው፤ ለእያንዳንዱ ፊት እኩል ካሬ። ሥራው ሊያልቅ ሲል ራቅ ብለህ አየኸውና መሃሉ፣ መሪው ያለበት፣ ደከመብህ። ለመሪው ራስ አንዲት ካሬ ጨመርክለት። ማንም አላዘዘህም። አምሮ እንዲታይ ነው፣ እንዲያመሰግኑህም ነው። ሁለቱንም አልደበቅካትም።

አመሰገኑህ። የቀበሌው ሊቀመንበር በስብሰባ ላይ አስጨበጨበልህ። የላይኛው ቀበሌ ይህንን አይቶ ለበዓሉ ሁለት ካሬ ጨመረ። በዓመቱ እናንተ ደግሞ ከነሱ ላለማነስ ሦስት ጨመራችሁ። ከሁለቱ መኮንኖች አንዱ አድኃሪ ተባለና ፊቱን በሰማያዊ ቀለም ሸፍነህ ሰማይ አደረግከው። ቀስ በቀስ መሪው ብቻውን ሸራውን ሞላው፤ በየቤቱ ግድግዳ ላይም ገባ፣ የሌለበት ቤት ለምን የለም ይባል ጀመር። መጨመር እንጂ መቀነስ የሚቻልበት ቀን ቀረ።

ኤዶ ይህን ስትነግረኝ አልፈረደችብህም። እሷም በልጅነቷ እዚሁ ሀርጌሳ፣ የነሱ መሪ ሲመጣ ከተማሪ ሁሉ አስበልጣ አጨብጭባ መምህሯ ከፊት እንዳቆሟት ነገረችኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ክፍሉ በሙሉ እጁ እስኪቀላ አጨበጨበ፣ ቀድሞ ማቆም የደፈረ አልነበረም። ያ የተጨበጨበለት ሰው ነው በኋላ በዚህች ከተማ ላይ የቦምብ አውሮፕላን የላከው። ለካ ሁለታችሁ በረንዳ ላይ ተቀምጣችሁ የየመሪዎቻችሁን የሙገሳ ዘፈን እየዘፈናችሁ ስትስቁ የነበረው ለዚህ ነው። እኔ ያረጁ ሰዎች ጨዋታ ይመስለኝ ነበር።

ስዩምን ግን አላውቀውም ነበር። ብሩሽ አያያዝ አብራችሁ የተማራችሁት፣ ጫማ የምትዋዋሱት፣ የታችኛው ቀበሌ ሠዓሊ። እሱ ሁሉም ሲጨምር ክሩ ከሰጠው ካሬ አላልፍም ብሎ መሪውን ከሌሎቹ እኩል ሳለው። ተቃዋሚ ሆኖ አልነበረም፣ ሙያው ላይ ግትር ስለነበረ ነው። ለምን አሳነስከው ተባለ። አላሳነስኩትም፣ ልኩ ይኸው ነው ብሎ መለሰ። ወሰዱት። ሸራውን እንድታስተካክል አንተን ጠሩህ፣ ሄደህም አስተካከልክ። ከራስህ ሥራ እንኳ አንዲት ካሬ አስበልጠህ። ስዩምን ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።

አባዬ፣ ተቆጣሁህ። ሦስት ቀን ብሩሽህን አልነካሁም። በሞተ ሰው መቆጣት እንዴት ያለ ብቸኝነት መሰለህ፤ በር ወርውሬ እንዳልዘጋብህ፣ ደጅ ቆመህ አትጠብቀኝ። የተቆጣሁት ለሸራው ብቻ አልነበረም። አምነኸኝ ብትነግረኝ ኖሮ አብሬህ እሸከመው ነበር።

በአራተኛው ቀን አልጋህን ሳነሳ ሥሩ ያለውን ጣውላ አገኘሁ። ድሮም አይቼው ጅምር መስሎኝ ነበር። ጎን ለጎን የሁለት ፊት ካሬ ተሰምሮበታል፣ እኩል ለእኩል። የቀኙ አልተነካም። የግራው ግን ተስሎ ተፍቆ፣ ተስሎ ተፍቆ እንጨቱ ጎድጉዷል። ኤዶን ጠየቅኳት። የመሪውን ፊት ዓይንህን ጨፍነህ ትስለው ነበር አለችኝ፣ እስከ መጨረሻው አልጠፋህም። የስዩም ፊት ግን ጠፋህ። በየዓመቱ ለማስታወስ ትቀመጣለህ፣ እጅህ የሚያመጣልህ ግን ያንኑ ሰውዬ ነው። አባዬ፣ እዚህ ላይ ቁጣዬ አለቀ። እኔ ምን እጨምርብሃለሁ?

ባነሩን አስቀረሁት። የእድሩ ሰዎች ቅር ተሰኙ፣ ያባቷን ክብር አሳነሰች ያሉኝም አሉ። ስቄ ተውኳቸው። እኔም እኮ በር በሚያህል ባነር ላይ ያንን ጽሑፍ አጽፌ አንዲት ካሬ ጨምሬልህ ነበር፤ ማንም ሳያዘኝ።

ትናንት በጣውላው የቀኝ ካሬዎች ላይ አንተን ሳልኩህ። የጎደለ ጥርስህን፣ ያጋደለ ጆሮህን፣ ከቅንድብህ የማይለቀውን የቀለም ጠብታ። የግራውን ካሬ ባዶውን ተውኩት፣ ከሥሩ ስዩም ብዬ ጻፍኩ። በሙት ዓመትህ የምሰቅለው ይህንን ነው። የጅግጅጋው ቄስ ሲጸልዩልህ የሱንም ስም እንዲጠሩ በስልክ ለመንኳቸው። የክርስትና ስሙን ጠየቁኝ፣ አላውቅም አልኳቸው። እግዚአብሔር ያውቀዋል ብለው ተቀበሉኝ።

ይቅር ማለት ያለበት እሱ ነውና እኔ በሱ ፋንታ ይቅር አልልህም። ግን ልጅህ ነኝ፣ እወድሃለሁ። እስካለሁ ድረስም ለጠየቀኝ ሁሉ ስለ አንተ እናገራለሁ፣ ከስዩም ጋር። አንዲት ካሬ ሳልጨምርልህ፣ አንዲት ካሬ ሳልቀንስብህ፣ በልክህ አስታውስሃለሁ።

ልጅህ ሰናይት
ሀርጌሳ