ታካሚዎችን እንዳንረብሽ አግዳሚ ወንበራችንን ለወሰዱልን ኃላፊ

ቁጥር፦ ወንበር/01 (ቁጥሩን የሰጠሁት እኔው ነኝ)

ለክቡር የሆስፒታሉ የንብረትና የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ በተለይም ከይቅርታ ጋር የሽንት ፊኛዎን ሰላም ያድርግልዎ ዘንድ ከልብ እመኛለሁ፤ የመጨረሻውን ምኞት ለምን እንደጨመርኩ ወደ ታች ሲወርዱ ይገባዎታል። እኔ የማህፀን ካንሰር ይዞኝ፣ ቀዶ ሕክምናውን ጨርሼ፣ በሕንፃዎ ምድር ቤት ከሚገኘው የጨረር ማሽን ሥር ሃያ አምስት ቀን፣ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ እንድተኛ የታዘዘልኝና እስከ ዛሬ አሥራ ዘጠኙን የተወጣሁ ታካሚ ነኝ። በሥራዬ ደግሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ደብዳቤ ስቀበል፣ ቁጥር ስሰጥ፣ ፋይል ስከፍት ኖሬአለሁና ደብዳቤ እንዴት እንደሚደርስ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚጠፋም አሳምሬ አውቃለሁ። ይህን ግልጽ ደብዳቤ ያደረግሁትም ለዚሁ ነው፤ ሰው ሁሉ ያነበበውን ደብዳቤ «ለሚመለከተው ተመርቷል» ብሎ መሳቢያ ውስጥ መቅበር አስቸጋሪ ነው።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ከውኃው ልጀምር። እርስዎ ሦስተኛ ፎቅ ስለሚውሉ ላያውቁ ይችላሉ እንጂ፣ የእኛ ዓይነቷ ታካሚ ወደ ማሽኑ የምትገባው ፊኛዋ በውኃ ሞልቶ ነው፤ የሞላ ፊኛ አንጀትን ከጨረሩ መንገድ ገፋ ያደርገዋል ይሉናል ባለሙያዎቹ። ስለዚህ ተራችን ሊደርስ አርባ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሁለት ትልልቅ ብርጭቆ ውኃ ግጥም እናደርግና እንይዛለን። ቀድማ የጠጣች ጥርሷን ትነክሳለች፣ ዘግይታ የጠጣች «ገና አልሞላሽም» ተብላ ከአልጋው ላይ ትመለሳለች፣ ማሽኑ ደግሞ እንደ ባለሥልጣን ባሻው ጊዜ አሞኛል ይላል።

ይህን ሁሉ የሚያስተካክልልን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከጨረር ክፍሉ በር ፊት ለፊት የነበረው፣ አንድ እግሩ ያጠረ፣ ስድስት ሴት የሚይዝ የእንጨት አግዳሚ ወንበር። በበሩ በኩል የተቀመጠችው ቀጣይ ገቢ ናት፤ እሷ ስትገባ ሁላችንም አንድ አንድ ቦታ ፈቀቅ እንላለን፤ ከበሩ ሦስተኛዋ ቦታ ላይ የደረሰች ውኃዋን ትጠጣለች። ሰዓት የሚይዙልን እማማ ሰዓት የምንላቸው አዛውንት ታካሚ ናቸው። ሁለት ልጆቻቸው ሁለት የእጅ ሰዓት ስለገዙላቸው፣ አንዱንም ላለማስቀየም በሁለቱም እጃቸው ያስራሉ። ሰዓቶቹ በሰባት ደቂቃ ይለያያሉ፤ እኛም መሐል መሐሉን ይዘን እንጠጣ ነበር። ፈቀቅ የምንልበትን ትእዛዝ የምትሰጠው ደግሞ ሌላዋ ታካሚ፣ የአውቶቡስ ቲኬት ቆራጯ ናት፤ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ወደ ኋላ ባዶ ነው!» ስትል ኮሪደሩ ይናወጣል፤ በሞላ ፊኛ መሳቅ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

እኔ ወደዚያ ወንበር የመጣሁት አፌን ዘግቼ ነበር። ቤቴ ውስጥ ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ «አይዞሽ» ይለኛል፣ እህቴ በስልክ ታለቅሳለች፣ እኔው በሽተኛዋ እሷን አባብላለሁ። ወንበሩ ላይ ግን ማንም አይዞሽ አላለኝም። «ተቅማጡ ጀመረሽ?» ነው ያሉኝ። ጀምሮኝ ነበር። በሦስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ያገኘሁ መሰለኝ፣ እዚያው አለቀስኩ፣ እማማ ሰዓትም ልቅሶዬን ሁለት ደቂቃ ፈቅደውልኝ ውኃዬን አስጠጡኝ።

አራተኛዋ ባልደረባችን ልብስ ሰፊዋ ናት። ብዙ አትናገርም፤ ነገር ግን አንዲት ሴት ሕክምናዋን በጨረሰች ቀን ከቦርሳዋ ባለቀለም ክር መዝዛ በወንበሩ አጭር እግር ላይ ታስርላታለች። አሥራ አንድ ክር ነበረው። ዘጠኙ የጨረሱት ናቸው፤ ሁለቱ ነጫጭ ክሮች ሳይጨርሱ የሄዱብን ናቸው፣ በእነሱ አልቀልድም።

ይህን ያህል ካወቁ፣ ምስጋናዎቼን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

1ኛ. «በኮሪደሩ ተሰብስቦ መሳቅ ታካሚዎችን ስለሚረብሽ አግዳሚ ወንበሩ የተነሣ መሆኑን እናስታውቃለን» የሚለውን፣ ማኅተም ያረፈበትን ማስታወቂያዎን ስለለጠፉልን እናመሰግናለን። ጥፋታችን ስለተሰማን የረበሽናቸውን ታካሚዎች ይቅርታ ለመጠየቅ ፈለግናቸው። በኮሪደሩ ውስጥ ከእኛ በቀር ታካሚ አልተገኘም። እማማ ሰዓት ግን ነገሩ በእንጥልጥል እንዳይቀር ብለው ራሳቸውን ይቅርታ ጠየቁ፣ ጥቂት አስበውም ይቅር አሉ።

2ኛ. በወንበሩ ፈንታ «የታካሚዎች የሥነ ልቦና ድጋፍ ክፍል» ስለከፈቱልን ምስጋናችን ወሰን የለውም፤ ከፈቱልን ማለቴ ሪባኑን ቆረጡልን ማለቴ ነው። ወደ ክፍሉ ለመግባት ታካሚዋ ድጋፍ የሚያስፈልጋት መሆኑን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከድጋፍ ሰጪዋ ማምጣት ያስፈልጋል፤ ድጋፍ ሰጪዋ የምትገኘው በክፍሉ ውስጥ ነው፤ ክፍሉ ተቆልፏል፤ ቁልፉን የያዘው ሠራተኛ የዓመት ፈቃድ ላይ ነው። ውስጥ ያለው ሶፋ ግን ፕላስቲኩ እንኳ ሳይወልቅ በክብር ተቀምጧል። በበሩ መስታወት እያየነው እንጽናናለን፤ ለእሱ የተደረገለት ድጋፍ ያስቀናል።

3ኛ. ይህ ቁጥር ለምድር ቤቱ መጸዳጃ ቤት ቁልፍ የተያዘ ነው። ቁልፉ ሲገኝ ይሞላል።

4ኛ. ይህን የምጽፈው ባለጉዳይዋ ልብስ ሰፊዋ ራሷ «ጻፊው፤ እኔ አፍሬ ጨርሻለሁ፣ አሁን ተራው የሌላ ሰው ነው» ስላለችኝ ነው። ወንበሩ በተነሣበት ሰኞ ማሽኑ እንደ ልማዱ አሞኛል ብሎ አንድ ሰዓት ተኩል አስጠበቀን። ወንበር ስለሌለ ተራ የለም፣ ተራ ስለሌለ የውኃ ሰዓት የለም፤ ገሚሶቻችን ደረጃው ላይ፣ ገሚሶቻችን ውጭ በመስኮቱ ሥር ተበታትነን ነበር። ልብስ ሰፊዋ አሥራ አምስት ቀን ጨረር ባደከመው ሰውነቷ፣ ውኃዋን ጠጥታ፣ ከማስታወቂያዎ ሥር ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ቆመች፣ ቆመች፣ ከዚያ አልቻለችም። ቀሚሷ በማያውቋት ሰዎች ፊት ራሰ። ሻርፗን ወገቧ ላይ አሰረችና ማንንም ሳታይ ወደ ቤቷ ሄደች።

የመሥሪያ ቤትዎን ቅልጥፍና ያደነቅሁት እዚህ ላይ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ በኋላ እንደነገረችን፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ተጠርታ ወለሉን እንድትወለውልና «ወለሉ እርጥብ ነው፣ ይጠንቀቁ» የሚለውን ቢጫ ምልክት እንድታቆም ታዘዘች። ወለሉ በሩብ ሰዓት ደረቀ፤ ምልክቱ ግን አራት ቀን ቆመ። በእነዚያ አራት ቀናት ለወለሉ የተጠነቀቀ ነበረ፣ ሴትዮዋ የት ገባች ያለ አልነበረም። እኛም አላልንም፤ እስከ አሁን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ድሮ ወንበሩ ላይ ክፍተት ካየን ወዲያው ስልክ እንመታ ነበር፤ አሁን ግን ደረጃ ላይ ያለነው መስኮት ሥር ናት አልን፣ መስኮት ሥር ያሉት ደረጃ ላይ ናት አሉ።

መቅረቷን ያወቅነው አርብ ዕለት ነው። ቲኬት ቆራጯ ሃያ አምስተኛዋን ጨርሳ እየሳቀች ወጣችና ለክሯ እጇን ዘረጋች፤ ክር የምታስር ሴት የለችም፣ ክር የሚታሰርበት እግርም የለም። ያቺ ዕድሜ ልኳን ስትጮህ የኖረች ሴት የዘረጋችውን እጇን መልሳ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

ቅዳሜ ሦስታችን ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ሄድን። ከስፌት መኪናዋ ጀርባ ተቀምጣ ቀና ብላ አላየችንም። ካንሰሩ ቢወስደኝ ይሻለኛል እንጂ እዚያ ግድግዳ ጋ አልመለስም አለችን። ቲኬት ቆራጯ ግን ባለፈው ወር ሰው በሞላው አውቶቡስ ውስጥ ሁለት ጊዜ እንዳመለጣት፣ ቲኬት መቁረጧን ግን እንዳላቆመች፣ እንዲያውም በዚያ ቀን ሁሉም ሰው ሳይጋፋ ጠጋ ጠጋ እንዳለላት ነገረቻት። እማማ ሰዓትም እኔም ሦስት ጊዜ ሆኖብኛል አሉ፤ ከዚያ ሁለቱን እጃቸውን አይተው፣ በግራው ሰዓት ከሆነ አራት ነው ሲሉ ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች፣ በመጨረሻም መቀሷን አስቀመጠች። ሰኞ መጣች። ሐኪሟ የቀሩላትን አሥር ቀናት አንድም ሳታጎድል እንድትጨርስ፣ ሌላ ቀን ብትቀር ግን የተደከመበት ሁሉ ከንቱ ሊሆን እንደሚችል በግልጽ ነገራት።

5ኛ. እሷ እንዳትቆም ብለን የየቤታችንን በርጩማ ይዘን ስንመጣ፣ የበር ጥበቃዎችዎ ንብረትዎን ከእኛ በርጩማ ለመጠበቅ ያሳዩት ትጋት የሚደነቅ ነው። በርጩማው ለመግባት የመውጫ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ወጥቶ የማያውቅ በርጩማ ደግሞ የመውጫ ፈቃድ ሊኖረው አይችልም። አልሰሜን ግባ በለው ብለን ፈቃዱን ለመጠየቅ ወደ እርስዎ ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ወጣን፤ ባንወጣ ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባልተጻፈ ነበር።

ከበርዎ ፊት ለፊት፣ «ለባለጉዳዮች ብቻ» ከሚል ጽሑፍ ሥር፣ አንድ እግሩ ያጠረ ወንበር አገኘን። አሥራ አንዱም ክሮች ነበሩ። ልብስ ሰፊዋ ተንበርክካ አንድ በአንድ ነካቻቸው። ከዚያም ተቀመጥን፤ ባለጉዳዮች ነንና።

እነሆ እስከ ዛሬ እዚያው ነን። ወንበሩን ተሸክመን እንዳንወርድ የዕቃ ማዘዋወሪያው ቅጽ የእርስዎን ፊርማ ይፈልጋል፣ እርስዎ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነዎት። የማሽኑ ባለሙያ የቀጣይዋን ተራ በስልክ ለጸሐፊዎ ይነግራታል፣ ጸሐፊዎም «ሦስተኛዋ ይጠጡ፣ አንደኛዋ ይውረዱ» ትለናለች፤ ሊፍቱ ሲሠራ አራት ደቂቃ ይፈጃል፣ ሳይሠራ ደግሞ በደረጃው የምንወርደውን አወራረድ ለጠላቴም አልመኘውም። ጸሐፊዎ የተባረከች ልጅ ናት። የእማማ ሰዓትን ሁለቱን ሰዓቶች በገዛ ስልኳ አስተካክላላቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ግራ ስለገባቸው መልሰው በሰባት ደቂቃ አራራቋቸው። ቲኬት ቆራጯም ሕክምናዋን ብትጨርስም ከፈረቃዋ በፊት እየመጣች የእርስዎን እንግዶች ሳይቀር ጠጋ ጠጋ በሉ ትላለች፤ ትናንት አንድ ከረቫት ያሰሩ ሰው ተራ ሳያውቁ ሦስተኛው ቦታ ላይ ስለደረሱ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ጠጥተው ሄደዋል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ልመናችን አጭር ነው፤ ወይ ወንበሩን ያውርዱልን፣ ወይ ማሽኑን ወደ ሦስተኛ ፎቅ ያምጡልን። የትኛው ቅጽ እንደሚቀል እርስዎ ያውቃሉ።

ወንበርዎ እንደማይነሣብዎ፣ ቁልፍዎ እንደማይጠፋብዎ፣ በሚስቁበትም ጊዜ ማንም ታካሚ እንደማይረበሽብዎ በመተማመን፣ ከላቀ አክብሮትና ከሞላ ፊኛ ጋር፣

የአሥራ ዘጠኝ ቀን ታካሚዋ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ
(ከበርዎ አራተኛ ቦታ ላይ ሆኜ የጻፍኩት)

ግልባጭ፦
ለጸሐፊዎ፣ ከምስጋና ጋር
ለሶፋው፣ ባለበት
ለረበሽናቸው ታካሚዎች፣ ማለትም ለእኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የፊታችን አርብ ልብስ ሰፊዋ ሃያ አምስተኛዋን ትጨርሳለች፤ ክሯን የምናስርላት እኛ ነን፣ ወንበሩ የትም ይሁን የት። በዚያ ቀን በርዎ ላይ ሳቅ ቢሰሙ አይደንግጡ። ቢጫውን ምልክትም ከምድር ቤቱ ይዘንልዎ መጥተን ቢሮዎ ደፍ ላይ አቁመነዋል። እዚያ ታች አንዲት ሴት ለአራት ቀን ስትጠፋ ማንንም አላስጠነቀቀም፤ ምናልባት እዚህ ላይ የሚያነበው ሰው ያገኝ ይሆናል፤ ሲወጡ ይጠንቀቁ።