የቀረችው ትርጉም

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ከስፌት ቤቱ

ለእኔ ወሬኛ፣ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ስልክሽ አልነሳ ቢለኝ ነው ብዕር ያነሳሁት። ፊደሌ ቢንጋደድ እንደ ልማድሽ እንዳትስቂብኝ። የነርስ ጋውንሽን ሰፍቼ ጨርሻለሁ ማለት ይቻላል፤ ወገቡን ትንሽ ሰፋ አድርጌዋለሁ፣ መቼም ሥራ ስትይዢ መወፈርሽ አይቀርም።

በስልክ ያስተማርሽኝን ያንን ፈረንጆቹ "ፓስ" የሚሉትን ቃል ታስታውሻለሽ? ጨው ማቀበል ፓስ፣ በሰው ደጅ ማለፍ ፓስ፣ ኳስ ማቀበልም እሱው፣ ፈተና ማለፍም እሱው። "ይሄ ቃል የራሱ ቤት የለውም እንዴ፣ በየሰው ቤት የሚያድረው?" ብልሽ በሳቅ ፍርስ አልሽ። ከዚያ አንዲት ትርጉም እንደቀረች ነገርሽኝ። እሷን ሌላ ጊዜ፣ አሁን ስለ ፈተናዬ ጸልዪልኝ አልሽ።

ዐርብ ጠዋት አብራሽ የምትኖረው ፈረንጅ ልጅ ደወለች። ከምታወራው ሁሉ የለየሁት ስምሽንና "ፓስድ" የምትለዋን ነው። ጮቤ ረገጥኩ። ባለፈው ስትወድቂ እንዴት እንዳለቀስሽ የማውቅ እኔ ነኝ። ልጅቷም ታለቅስ ነበር፤ ደጋግማ "ፓስድ አወይ" ትለኛለች። አማርኛ ታስተምሪያታለሽ ማለት ነው አልኩ በልቤ። ለሐዘን የምንላትን ለደስታ ብታመጣት አልፈረድኩባትም፣ ገና ጀማሪ ናት።

ከሰዓት በኋላ አጎትሽ መጣ፤ ለእሱም ደውላለት ኖሯል። ኮፍያውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

"እህቴ፣ ልጅቷ አልፋለች" አለኝ።

"ማለፏንማ ካንተ በፊት ሰምቻለሁ" አልኩት።

ፊቱን በኮፍያው ሸፈነ። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ ይቀመጣል። ለደስታዬ መጥቶ እንኳን ደስ አለሽ የሚለኝ ግን አንድ ሰው ጠፋ። ምቀኞች ብዬ አልፌያቸዋለሁ።

ልጄ፣ አንድ ነገር ግን አስፈርቶኛል። ቅዳሜ ብቻዬን ምሳ ስበላ ለጨው እጄን ብዘረጋ ዕቃው መዳፌ ውስጥ ገባ። ያስቀመጥኩት እኮ መስኮቱ ጋ ነበር። እሑድ መቀሱም እንዲሁ ሆነ፣ መያዣው ወደ እኔ ዞሮ፤ መቀስ እንደዚያ ማቀበል ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። ትናንት ደግሞ የልጅነት ኳስሽ ከአልጋ ሥር ወጥታ እየተንከባለለች መጥታ እግሬ ሥር ቆመች። በጠራራ ፀሐይ በመስኮቱ በኩል ሰው ያልፋል። ጥላው ጋውንሽ ላይ ያርፋል፣ ቀና ስል ማንም የለም። አረማመዱን ግን ለይቼዋለሁ፤ ያንቺ የግራ ጫማ ሁልጊዜ ይጎተታል።

እንግዲህ ያስተማርሽኝ ሁሉ በየተራ ቤቴ መጣ። የቀረችው ያቺ አንዷ ናት። አጎትሽ ዛሬ ጠዋት ሊነግረኝ አፉን ሲከፍት በመዳፌ ያዝኩት። ከአንቺ አፍ ካልሆነ አልሰማትም። እሱ ከወጣ በኋላ የጋውኑን ቁልፎች ለመትከል ተቀመጥኩ። የመጨረሻዋን ቁልፍ ሳልተክላት ትቻታለሁ። ስትለብሺው እተክላታለሁ።

ብርድ አይንካሽ፣ እግርሽን እንቅፋት አይምታው፣ ባለሽበት ሁሉ ሰው አያሳጣሽ። ይህን ስጽፍ ጥላሽ እንደገና መስኮቱ ላይ ደርሷል፣ ጫማሽም ይሰማኛል። በሩን ክፍት ትቼዋለሁ።

ልጄ፣ አትለፊ። ግቢ።

እናትሽ