ለሕያው የተነፋ ጥሩምባ

ገነተ ማርያም፣ ኅዳር 14 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሰብሌ አራጋው፣ ጎንደር

እንደምን ከርመሻል የኔ ዓለም? ትምህርቱስ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል። ጉልበቴም ቢሆን አንቺ እንደምታሚው አይደለም፤ ዛሬ የምጽፍልሽም ጉራዬን ልነፋብሽ ነው።

እዚህ ጤና ኬላ ስትሠሪ ቅሬያችንን ሰብስበሽ፣ «ምጥ የጠናባትን ሴት አምቡላንስ እስከሚደርስበት መንገድ ተሸክማችሁ አውርዱልኝ» ብለሽ ለምነሽን ነበር። እኔ የቅሬው ዳኛ፣ አባትሽ፣ በሰው ፊት ቆሜ «ቅሬ ሙት ለመቅበር የቆመ ማኅበር ነው፤ በሬሳ ቃሬዛ ሕያው አይተኛም» አልኩሽ። አንድ ቃል ሳትመልሺ የአሸካከሙን ሥርዓት የጻፍሽበትን ወረቀት ድንጋይ ላይ ትተሽ ሄድሽ። ከቁጣሽ ይልቅ ዝምታሽ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲከነክነኝ ኖረ።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጎረቤታችን ምናለ እየሮጠ መጣ። «አያ አራጋው፣ ይድረሱልኝ! እየሩስ በምጥ ሁለት ቀኗ ነው፤ ልታመልጠኝ ነው!» አለኝ። ጥሩምባ ነፊውን ወልደ ሰንበትን ጠርቼ «ንፋ» አልኩት። «ሞተች እንዴ?» አለኝ። «ንፋ ብዬሃለሁ!»

ነፋው። አገሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ እያለቀሰ ምናለ ደጅ ግልብጥ ብሎ መጣ። ሴቶቹ ደረት ሲመቱ ምናለም ሚስቱ የሞተች መስሎት መሬት ላይ ተዘረረ። እየሩስ ራሷ ከውስጥ ሆና «የማን ለቅሶ ነው?» አትል መሰለሽ!

ድንጋይ ላይ ወጥቼ «ዝም በሉ! ሰው አልሞተም፤ እንዳይሞት ነው የጠራናችሁ!» አልኩ። ሽማግሌው ምሥጋናው «ሟርት ነው፤ ያንተው ቃል አልነበረም ወይ?» አሉኝ። «የኔው ነበር። ተሳስቼ ነበር» አልኩና ቃሬዛውን ከፊት በኩል ያዝኩ። ከዚያ ማን ይቀራል?

ወረቀትሽ ሣጥኔ ውስጥ ነበር፤ አውጥቼ አነበብኩላቸው። እንዳልሽው በግራ ጎኗ አስተኛናት። አራት አራት ሆነን እየተቀያየርን ወረድን፤ አንዱ ቀድሞ ኔትወርክ ካለበት ጉብታ ላይ አምቡላንሱን ጠራ። መንገዱ ጋ ስንደርስ መኪናው ቆሞ ጠበቀን። ማታውን ጤና ጣቢያ ሴት ልጅ ወለደች፤ ሁለቱም ደህና ናቸው። አዋላጇ «ይህን ሥርዓት ማን አስተማራችሁ?» ብትለኝ «ልጄ!» አልኳት። ያልሰማች መሰለኝና ደገምኩላት።

እሁድ ቅሬው ወሰነ። ለወላድ አዲስ ቃሬዛ ይሠራል፤ ጥሩምባው ለምጥ አንዴ ረዘም ተደርጎ፣ ለሞት ሦስቴ ይነፋል፤ ለወላድ ያልመጣ ቀብር እንደቀረ ይቀጣል። ወረቀትሽንም አባዝተን ለአጎራባች ቅሬዎች ሰደድን።

ሰብሌ፣ ያን ቀን አፍ አውጥተሽ ያላልሽኝን አውቀዋለሁ። በምጥ ለሞተችው እናትሽም ጥሩምባ ተነፍቶ ነበር። አገር ሁሉ መጥቶ ነበር፤ ቃሬዛዋንም ከፊት የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ብቻ ዘገየን።

እጅሽ የነካው ሁሉ ይዳን። እግዚአብሔር ጥሩምባችንን ከሞት ያስቀድምልን።

የሚኮራብሽ አባትሽ
አራጋው