ውሃ ሳትጠጪ የዋልሽባቸው ቀናት

አስካልዬ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን፤ እኛስ አለን። ተክለ ሃይማኖት አሳርፈንሽ ወደ ባዶው ቤት ከተመለስን በመጪው ጥቅምት ሰባት ዓመት ይሞላል። ጽሕፈት እንደማልወድ ታውቂያለሽ፤ ስምንተኛ ክፍልንም የጨረስኩት በመከራ ነው። በጸሎት ሳወራሽ ግን አንድ ነገር እየዘለልኩ ተቸገርኩ። ወረቀት ላይ ከሆነ አልዘለውም ብዬ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ቅመም ተራ የነበረችው የቆርቆሮ ሱቅሽ የለችም፤ ሰፈሩ ፈርሶ ፎቅ ቆሞበታል። በአውቶቡስ ተራ በኩል የኤሌክትሪክ ባቡር ይመላለሳል ብልሽ ትስቂብኛለሽ። እኔም ከሶማሌ ተራው የመኪና ዕቃ ሱቅ ከወጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ወገቤ እምቢ አለኝ። ልጃችን ሰናይት ያንቺን ንግድ ይዛለች። ከፎቁ ሥር አንድ ክፍል ደርሷት ኮረሪማውንም ኮሰረቱንም እዚያ ትሸጣለች። ጎረቤትሽ ጋሼ ሙዘይንም ዛሬም ከጎኗ ናቸው፤ ጢማቸው ነጣ እንጂ ቀልዳቸው አላረጀም።

ባለፈው ወር የደም ግፊቴን ልታይ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። በቤተሰብ ውስጥ ምን በሽታ ነበር ብትለኝ፣ ባለቤቴ በፓርኪንሰን ነው ያረፈችው አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና “እጃቸው መንቀጥቀጥ ሳይጀምር በፊት ሆዳቸው ይደርቅ ነበር፣ አባባ?” አለችኝ። ስለ እጅሽ እንጂ ስለ ሆድሽ ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። ብዙ ዓመት፣ አልኳት። “ማሽተትስ ይችሉ ነበር?” አለችኝ። እሱም ጠፍቶባት ነበር፣ አልኳት።

እንደነገረችኝ፣ አንዳንድ ተመራማሪዎች ይህ በሽታ ምናልባት ከአንጀት ይጀምር ይሆናል ብለው ይጠረጥራሉ። እዚያ ዓመታት አድፍጦ ይኖርና፣ ሆድን ከአንጎል በሚያገናኘው ነርቭ ቀስ እያለ ይወጣል ይላሉ። ገና አልተረጋገጠም፤ የሁሉም ሰው እንደዚያ አይደለም፤ ሆዱ የደረቀ ሁሉ ይህ በሽታ አለበት ማለትም አይደለም። ይህን ሦስት ጊዜ ደጋገመችልኝ፤ ፊቴን አይታ መሆን አለበት። የሆዱ ድርቀት በሽታውን ያመጣው ይሁን፣ ወይስ በሽታው አስቀድሞ ሆዱን ያደረቀው ይሁን፣ እሱንም በውል የሚያውቅ የለም አለችኝ።

አስካልዬ፣ እኔ ዕድሜዬን ከሜካኒኮች ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ። መኪና መሪው ሲንቀጠቀጥ መሪውን የሚፈታ ሜካኒክ የለም፤ ጎንበስ ብሎ ጎማውን ነው የሚያየው። ያንቺ እጅ ሲንቀጠቀጥ ግን እኔ እጅሽን ብቻ አየሁ። ጸበል ወሰድኩሽ፣ እጅሽን አስነከርኩሽ። በየሐኪሙ ቀጠሮ የሆድሽን ነገር መናገር ታፍሪ ስለነበር የምመልስልሽ እኔ ነበርኩ፤ እኔም እጇ፣ እጇ ስል ከረምኩ።

ተልባው እኮ ከዚያ ሁሉ በፊት ነበር። ማታ ማታ ትቀጠቅጪው ነበር፤ ተልባው ሲያቅተው ሰናመኪ ታፈዪ ነበር። እኔ “የጾም ነው” እልሻለሁ። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ “የፍስክ ነው” አልኩሽ። ቀጥሎ ያ የኮረሪማው ቀን መጣ። ጋሼ ሙዘይን ወደ ዳር ወስደውኝ፣ “ተስፋዬ፣ አስካለ የሻገተ ኮረሪማ ለደንበኛ ስትመዝን አየኋት። እሷ ከመንገድ ማዶ ሆና ሻጋታ የምታሸት ሴት አልነበረችም እንዴ?” አሉኝ። አንቺ “ጉንፋን ነው” አልሽ። ያ ጉንፋን ሦስት ክረምት አለፈው፣ ማናችንም ምነው አላልንም።

ውሃ ለምን እንደማትጠጪ ግን ዱሮም አውቅ ነበር። ሽንት ቤቱ ከተራው ጀርባ ነው፤ በሩ የማይዘጋ፣ ተሸካሚው ሁሉ የሚሰለፍበት። ሱቁንስ ለማን ጥለሽ ትሄጃለሽ? ስለዚህ ከጠዋት እስከ ማታ ጉሮሮሽን ሳታርሺ ትውያለሽ። ጋሼ ሙዘይን “ይቺ ሴትዮ ግመል ናት፤ ውሃ ሳትቀምስ ጅቡቲ ትደርሳለች” ሲሉ ተራው በሙሉ ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር። እኮራም ነበር። ካረፍሽም ወዲህ በተዝካርሽም በማኅበሩም የማወራው ያንኑ ነው፤ “አስካለ እኮ አንድ ቀን ሱቋን ትታ ተነስታ አታውቅም” እላለሁ። ሰው ከንፈሩን ይመጥልኛል። ሰናይት ከጎኔ ሆና ትሰማለች።

ከሐኪሟ በተመለስኩ ማግስት ሱቁ ሄድኩ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሆኗል፤ ሰናይት አጠገብ ያለው የታሸገ ውሃ ክዳኑ እንኳ አልተነካም። አዲሱ ፎቅ ሽንት ቤት አለው፤ አራተኛው ላይ ነው፣ ቁልፉ ዘበኛው ጋ ነው፣ ዘበኛው ደግሞ የት እንዳለ አይታወቅም። ጋሼ ሙዘይን እኔን ሲያዩ “መጣህ? ልጅህም ግመል ወጣችልህ! ዘር ከልጓም ይስባል” ብለው ጮኹ። እሷም ደስ ብሏት “የእናቴ ልጅ አይደለሁ እንዴ!” አለች። እኔ ግን አልሳቅኩም። ከሚዛኑ ሥር በፌስታል የተቋጠረ የተወቀጠ ተልባ አየሁ።

ዓይንሽን ጨፍኚ አልኳት። ኮሰረት በጭብጤ ይዤ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋሁ። ቆየች። “በሶብላ” አለች። ዓይኗን ገልጣ ስታይ “ውይ! የበርበሬው ብናኝ አፍንጫዬን ዘግቶት ነው አባዬ” ብላ ሳቀች። ብናኙ ሊሆን ይችላል። ሐኪሟም ኋላ ስነግራት ሊሆን ይችላል ብላኛለች። እኔ ግን ኮሰረቱን በጭብጤ እንደያዝኩ ነው ቤት የደረስኩት።

አሁን የምዘለውን ልጻፈው። አንድ ቀን ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብለሽ ሶማሌ ተራ ድረስ መጣሽ። “ሆዴ ድንጋይ ሆኗል። ቀን ቀን ለግማሽ ሰዓት መጥተህ ተቀመጥልኝ፣ እኔም እንደ ሰው ደርሼ ልምጣ” አልሽኝ። የምሳ ሰዓቴ ነበር፤ የሚከለክለኝ አልነበረም። ግን ጓደኞቼ ፊት፣ ወንድ ልጅ በሴት ቅመም ሱቅ ኮሰረት ሲመዝን መታየቱ አሳፈረኝ። “ሌሎቹ ሴቶች ይችሉት የለ እንዴ!” አልኩሽ። ነጠላሽን አስተካክለሽ ሄድሽ። ሁለተኛ አልጠየቅሽኝም። አንድ ቀን ሱቋን ትታ አታውቅም የምለውም እንግዲህ ውሸት ነው፤ የዚያን ቀን ትተሽው መጥተሻል። ያንን ቀን የሰረዝኩት እኔ ነኝ። በሰረዝኩበት ቦታ የጻፍኩትን ውዳሴ ነው ልጅሽ እንደ ዳዊት የሸመደደችው።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ብዙ ከሄድን በኋላ “ያኔ ስንት ዓመቴ ነበር?” አለችኝ። ዘጠኝ፣ አልኳት። ቤታችን በር ላይ ስንደርስ፣ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ፣ “አባዬ፣ እኔም ድንጋይ ነው የሚሆንብኝ። ሁለት ዓመት ሆነኝ። እናቴ የቻለችውን ብዬ ነው” አለችኝ።

ቀጠሮዋ የፊታችን ማክሰኞ ነው። ሐኪሟ ምንም ላይሆን ይችላል ብላለች፤ ከሆነም ከወዲሁ የሚያስቆም መድኃኒት አለ ብላ አልዋሸችኝም። ካለፈው ሰኞ ጀምሮ ቀን ቀን ሱቁ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ሰናይት ቁልፉን ፍለጋ ስትወጣ ደረጃው ላይ ኮቴዋን እቆጥራለሁ። እርምጃዋ ከበፊቱ አጠረ ወይስ ለእኔ ነው የመሰለኝ? ያንቺም እርምጃ ሲያጥር መጀመሪያ እንዲሁ ለእኔ ነበር የመሰለኝ።

አስካልዬ፣ የተክልዬ አምላክ ነፍስሽን ያሳርፍልኝ፤ ለልጃችንም ለምኚላት። እኔ አስታውስሻለሁ። ግን ከእንግዲህ ሰው ፊት ስምሽን ሳነሳ “ቻይ ነበረች” አልልም። “ለግማሽ ሰዓት ለምናኝ ነበር፣ አልሄድኩላትም” ብዬ ነው የማስታውስሽ፤ ሰናይት እየሰማች።

ባለቤትሽ ተስፋዬ