ዮፍታሔ እጁን ያወጣ ዕለት

ለማከብርዎት እትዬ ኤልፍነሽ፤ ከሎስ አንጀለስ ሆኜ ጉልበትዎን እየሳምኩ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እኔና ልጃችን ቶማስ፣ እመቤቴ ትመስገን፣ ደህና ነን።

ወንድምዎ ምንይሉ ከመኪና ኩባንያው መውጣቱን ሰምተው ይሆናል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተቋቋመው ያ ትልቅ ድርጅት በአለቆቹ ሽኩቻ ለሁለት ተከፈለ። ሊቀመንበሩ ሥራ አስኪያጁን ሊያወርድ ሲነሳ ምንይሉ «ሰውየው ምን አጠፋ?» ብሎ ቆመለት። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ጠርቶ በድምፅ ብልጫ ሁለቱንም አባረራቸው። በስብሰባው ላይ ምንይሉ ይውጣ ብሎ መጀመሪያ እጁን ያወጣው ዮፍታሔ ነው፤ ምንይሉ ራሱ ያስቀጠረው፣ ቤታችን እንደ ወንድም የኖረ ዮፍታሔ! ቤተ ክርስቲያን አግኝቼው ብጠይቀው «ሰብሊ፣ ምን ላድርግ፣ ተራው ለእኔም እንዳይደርስ ብዬ ነው» አለኝ። ያበላሁት እንጀራ ይፋረደው።

ምንይሉ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተናደደም። ጠዋት ከረባቱን አስሮ ይወጣና ፌርፋክስ በሚባለው የሐበሾች ሰፈር መኪናውን ፓርክ አድርጎ ውስጡ ተቀምጦ ይውላል አሉኝ። ቤቱን በእኔ ስም አዞረ። ትናንት ደግሞ የአባታችሁን ሰዓት ለቶማስ ሰጠው። ልጁ «ዳዲ፣ አንተስ?» ቢለው «ለእኔ ምን ያደርግልኛል» ብሎ ሳቀ። እኔም ብቻውን መተው ፈርቼ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ አብሬው መውጣት ጀምሬያለሁ።

እትዬ፣ ለገና እመጣለሁ ያሉትን አሁን ያድርጉት፤ የእርስዎን ቃል አይጥልም። እርስዎንም እኛንም፣ እሱንም ፈጣሪ ያቆይልን።

አክባሪዎ ሰብሊ