ከተማዋን የለካው ልብስ ሰፊ

ቡራዩ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለኑሃ የህያ፤
አሰላሙ ዓለይኩም።

በድለሽኛል። ጢም ለጥፈሽ፣ ኮፍያ ደፍተሽ፣ መነጽሬን አድርገሽ፣ አባትሽን በዓለም ፊት መሳቂያ አደረግሽው። ይህ አስቀድሞ ይታወቅ። አሁን የሆነውን ልንገርሽ፤ በስልክ የማይወራ ስለሆነ ጎረቤታችን መብሩካ ቶሮንቶ ስትገባ ይህን ደብዳቤ በእጅሽ ትሰጥሻለች።

ያ በፖለቲካውም በዘፋኙም የምትቀልዱበት የእኩለ ሌሊት ፕሮግራማችሁ እዚህ የሚደርሰን ማለዳ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሱቄን ከፍቼ መቀስ ስስል፣ ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ወርቁ ፊቱ ሳሙና የተቀባ ደንበኛውን ትቶ እየሮጠ መጣ።

«ጋሽ የህያ! ኑ እንጂ! ቴሌቪዥን ላይ ነዎት!»

«እኔ እዚህ ነኝ» አልኩት።

«እዚያም ነዎት!» ብሎ እጄን ጎተተኝ።

ገባሁ። እውነትም እኔው ነኝ። መርፌ በከንፈሬ ይዤ ደንበኛ እቆጣለሁ። አንድ ዘፋኝ ጉልበቱ ላይ የተቦጫጨቀ አዲስ ሱሪ ለብሶ ሲመጣ፣ «መጀመሪያ የቀደደብህን ሰው ከሰህ ና» አልሽው በእኔ ድምፅ። ይህን በእርግጥ ብዬ አውቃለሁ። ቀጥሎ አዲስ አበባ ራሷ ወፍራም ሴት ሆና ገባች።

«ኮቴ ጠበበኝ። ከቡራዩ፣ ከሰበታ፣ ከሱሉልታ ቆርጠህ ቀጥልልኝ» አለች።

አንቺም ሜትሩን አንገትሽ ላይ ጥለሽ፣ «እመቤቴ፣ ሰው ሲወፍር ኮቱ ይፈታል እንጂ የጎረቤት ቆዳ አይቀጠልለትም!» አልሽ።

ወርቁ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ጮኸ። ደንበኛው ሳሙናው ደርቆበት በሣቅ ይንፈራፈራል። ኦቦ ጉተማ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። ታውቂዋለሽ፤ እርሻው ላይ የከተማው ማስፋፊያ ችካል የተተከለበት፣ ልጁም በኅዳሩ ሰልፍ ተወስዶ የት እንዳለ ያልታወቀው። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ እንኳ በጭንቅላቱ ነበር የሚመልሰው። ያ ሰው ሣቀ፣ ኑሃ! «ዱጋ! ዱጋ! እውነቱን ነው!» እያለ ጉልበቱን መታ። ወዲያው ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ሁላችንም ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረን ጠበቅነው።

ከዚያ በኋላ ሱቄ በሰው ተጨናነቀ። አንዱ ከፉሪ ድረስ ደህና ሱሪ ይዞ መጣ። ምኑ ይሰፋ ብለው የሚሰፋ የለውም፤ እንድቆጣው ነው የፈለገው። ተቆጣሁት። ደስ ብሎት ሄደ።

ኋላ ሁለት ሰዎች መጡ። «አባት፣ ያቺ የእርስዎ ልጅ ናት?»

«ጢሙን ስታወልቅ የእኔ ናት።»

አልሣቁም። ልጄ አይደለችም፣ ንግግሯንም አወግዛለሁ የሚል ጽሑፍ ሰጥተው ካሜራ ፊት አንብብ አሉኝ። ካላነበብክ ሱቅህን እርሳው አሉ። «ፊደልን ያለ መምህር ብቻዬን የተማርኩት፣ ሌላ ሰው የጻፈልኝን ቃል እንደ ራሴ ላነብ አይደለም» አልኳቸው። ሥራቸውን ሠርተው ሄዱ።

የስፌት መኪናዬን ወደ ቤት አምጥቻለሁ። እናትሽ የሳሎኑ ብርሃን ይሻላል ትላለች፤ ልክ ናት። ደንበኞቼ በጓሮ በር ይገባሉ። ወርቁም ዲሹን ከጣሪያው አውርዶ ይደብቃል፣ ለፕሮግራምሽ ሲደርስ ይሰቅላል። ምንም የጎደለብን ነገር የለም።

ግን ለእናትሽ ደውለሽ፣ «አባባን ጉድ አደረግኳቸው፤ ሽማግሌውን ከእንግዲህ አልጫወተውም» ብለሽ አለቀስሽ አሉ። ማን ፈቀደልሽ? እጅጌ የሌለው ኮት ለደንበኛ ይሰጣል ብዬ አስተምሬሻለሁ? ትናንት ኦቦ ጉተማ መጥቶ፣ እኔ ፊቱ ቆሜ፣ «ያ ሰውዬ መቼ ነው የሚመጣው?» አለኝ። «ሐሙስ» አልኩት። እኔ ቃል ሰጥቼ አላጥፍም። ስለዚህ ሐሙስ ትወጫለሽ። መነጽሩን ብቻ ወደ አፍንጫሽ ዝቅ አድርጊው፤ እኔ ሰው የማየው በላዩ ነው።

አላህ አንደበትሽን አይያዝብሽ። ከብርዱም ከክፉ ሰውም ይጋርድሽ። እናትሽ ሃዋ ዓይንሽን ትስማለች።

ስላደረግሽብኝ በደል ግን የምለውን ከላይ ብያለሁ። ከዛሬ ወዲያ በአፌም በብዕሬም አይነሳም። ይቅርታ ልትይ ብትደውዪ ስልኩን እዘጋዋለሁ።

አባትሽ
የህያ ሙሄዲን